ሒሳብ የማይችለው ሰው ስልካችንን ቻርጅ ሲያደርግ

ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት መጥታ ታጠና ነበር። እነሱ ቤት ሰው ይበዛል፣ ቴሌቪዥኑም አይዘጋም። አንድ ማታ ስልኬን ገመድ አልባው ቻርጀር ላይ ጣል ሳደርገው ዐየችና እርሳሷን አስቀመጠች። ጋሼ፣ ገመድ ሳይነካው ኮረንቲው በየት በኩል ገባ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ኢንዳክሽን ነው አልኳት። ቃሉንማ እሷም ታውቀዋለች፤ ቀመሩንም ሸምድዳለች። ግን ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ማግኔት ሽቦ አጠገብ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ምንም ኮረንቲ አይፈጠርም ይላል። ታዲያ ቻርጀሩም አይንቀሳቀስም፣ ስልኩም አይንቀሳቀስም፤ ምኑ ነው የሚንቀሳቀሰው?

ዝም አልኩ። ደግሞ እኮ በዚያ ምዕራፍ ጥሩ ውጤት ነበረኝ! የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ተከፍቶ ያየሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ወንበር ሲወጣበት። ስለ ኢንዳክሽን የማስታውሰው ነገር ቢኖር ቀመሩ ፊት ላይ የመቀነስ ምልክት እንዳለችና እሷን የረሳ ማርክ እንደሚቀነስበት ብቻ ነው። ምልክቷ ለምን እንደተቀመጠች የጠየቀም፣ የነገረንም የለም።

ልጅቷ ስትተኛ እኔ ስልኬን ከቻርጀሩ ላይ አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። የፈለግኩት ለጥያቄዋ መልስ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ማይክል ፋራዳይ ይባላል። ስሙን ሁላችንም ከቀመሩ ጋር ሰምተነዋል። ሰውየው ግን ቀመሩን አልጻፈውም፤ ሊጽፈውም አይችልም ነበር። ሒሳብ አያውቅማ!

ፋራዳይ የተወለደው እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1791 ዛሬ ደቡብ ለንደን በሆነው ኒዊንግተን በተባለ ሰፈር ነው። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ ያውም በሽታ የማይለየው። ሥራ የሚሠራበት ቀን ከሚተኛበት እያነሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1801 የእህል ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ የዘጠኝ ዓመቱ ማይክል ለሳምንት የሚደርሰው አንድ ዳቦ ነበር። አንድ ዳቦ ለሰባት ቀን! ትምህርቱም ማንበብ፣ መጻፍና ትንሽ ስሌት ላይ አበቃ። ቤተሰቡ ሳንዴማኒያን የምትባል ትንሽ የፕሮቴስታንት ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሯ ሀብት ማከማቸትን የምትነቅፍ ናት፤ ፋራዳይም እስኪሞት ከእሷ አልወጣም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

በ13 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ የተባለ ከፈረንሳይ የመጣ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ። ሥራው ጋዜጣ ማድረስ ነበር። በዓመቱ ሪቦ የጥረዛ ሙያ ሊያስተምረው ለሰባት ዓመት ተቀበለው። እንግዲህ አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው መጽሐፍ እየሰፋ፣ ሙጫ እየቀባ፣ ቆዳ እያለበሰ የሚውል ልጅ ነው። ግን የሚጠርዘውን ያነብባል። አንድ ቀን እጁ ላይ የኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ቅጽ ወደቀ፣ ውስጡም ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ኬሚስትሪን በጨዋታ መልክ ያስረዳችበትን መጽሐፍ አገኘ። ያነበበውን ግን ዝም ብሎ አያምንም። ከሳምንት ገንዘቡ ሳንቲም እየቆጠበ ዕቃ ይገዛና ማታ ሱቁ ውስጥ ራሱ ይሞክረዋል። የማርሴት መጽሐፍ ላይ ያለውን ሞክሮ እውነት ሆኖ ሲያገኘው ነው ልቡ ያረፈው። ታዋቂ ከሆነ በኋላ ለሴትየዋ የራሱን ጽሑፎች በምስጋና ይልክላት ነበር።

ሪቦም ይመስገን። ሌላ ጌታ ቢሆን ኖሮ ሥራህን ሥራ ብሎ ይቆጣው ነበር። እሱ ግን ፈቀደለት፤ እንዲያውም ለደንበኞቹ ያሳየው ነበር ይባላል። ታላቅ ወንድሙ ሮበርትም እንደ አባቱ ቀጥቃጭ ሆኖ በሚያገኛት ላይ ለማይክል በየጊዜው አንዳንድ ሺሊንግ እየሰጠው ማታ ማታ የሳይንስ ንግግር እንዲሰማ አድርጎታል። ስለ ሊቃውንት ሲነገር እንዲህ ያለ ወንድም ብዙም አይነሳም፣ እኔ ግን አንብቤ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም።

እ.ኤ.አ. በ1812 ዊልያም ዳንስ የሚባል የሱቁ ደንበኛ ለልጁ ትኬት ሰጠው። ትኬቱ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጣቸውን አራት ንግግሮች የሚያስገባ ነው። ዴቪ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬ ዘፋኝ ነው፤ ሰው ተጋፍቶ ነው የሚሰማው። ፋራዳይ እያንዳንዷን ነገር ጻፈ፣ ቤት ገብቶ ገለበጠ፣ ሥዕል ጨመረበት፣ 300 ገጽ ገደማ ሆነ። ከዚያ በሚያውቀው ሙያ አሳምሮ ጠረዘው። ቀደም ብሎ ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሥራ የሚለምን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። መልሱን ሊጠይቅ በር ድረስ ሲሄድ ደብዳቤው መልስ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ሲቪ ልኮ መልስ ያላገኘ ሰው ይህቺን ስሜት ያውቃታል። አሁን ግን የላከው ሲቪ ሳይሆን ሥራውን ነው፤ የተጠረዘውን መጽሐፍ ለዴቪ ላከው።

ዴቪ ጠርቶ አነጋገረውና ሙያህን አትልቀቅ፣ ሳይንስ እንጀራ አያበላም የሚል ዓይነት ምክር ሰጠው። ዕድል ግን መጣች። የላብራቶሪው ረዳት ተጣልቶ ተባረረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1813 ፋራዳይ በሳምንት 25 ሺሊንግ፣ ከሕንፃው አናት ላይ ሁለት ክፍል፣ ማገዶና ሻማ ተሰጥቶት ተቀጠረ። ዕድሜው 21 ነበር። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ።

ደስታው ግን ወዲያው ኮመጠጠ። በዚያው ዓመት ዴቪና ሚስቱ ፈረንሳይና ጣሊያን ሲሄዱ የዴቪ አሽከር ጦርነት ያለበት አገር አልሄድም አለ። ፋራዳይ ለጊዜው ያንንም ሥራ ደርቦ እንዲይዝ ተጠየቀ፤ ጊዜያዊው ነገርም ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ ዘለቀ። በአንድ በኩል አምፔርንና ቮልታን በአካል ዐየ። አዎ፣ አምፔርና ቮልት ብለን የምንቆጥርባቸውን ሰዎች። በሌላ በኩል ደግሞ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ነበር የምታየው። ሁሉን ትቶ ወደ ጥረዛው ሊመለስ ያሰበበት ጊዜ ነበር። አልተመለሰም። እኔ ብሆን እመለስ ነበር፣ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ማግኔቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስትድ ኮረንቲ የሚሄድበት ሽቦ አጠገብ ያስቀመጣት የኮምፓስ ቀስት ስትዞር ዐየ። አውሮፓ ተናወጠች። እስከዚያ ድረስ ኤሌክትሪክና ማግኔት የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ነበሩ። በዓመቱ፣ መስከረም 1821፣ ፋራዳይ ሜርኩሪ በያዘ ዕቃ ውስጥ ሽቦ አንጠልጥሎ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ዛሬ ሞተር የምንለው ነገር የዚያ ሽቦ የልጅ ልጅ ነው። ሚስቱን ሣራን ካገባ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ችግሩ ውጤቱን ተቻኩሎ አሳተመና የዴቪንም፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያወጣ ሲያወርድ የነበረውን የዎላስተንንም ስም ሳያነሳ ቀረ። ለንደን ውስጥ ሰረቀ ተባለ። ይሄ ሰው በዓለም ላይ ያለው ነገር ስሙ ብቻ ነው፤ ገንዘብ የለው፣ ዘር የለው፣ ዲግሪ የለው። ዎላስተን ጋ ሄዶ ነገሩን አስረዳ፤ እሱ ይቅር አለው። ዴቪ ግን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1824 ፋራዳይ ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲቀርብ በፕሬዚዳንትነት የተቀመጠው ዴቪ ተቃወመ። ምርጫው ሲቆጠር የተቃውሞ ድምፅ አንድ ብቻ ተገኘ። የማን እንደነበር መገመት አያቅትም። ፋራዳይ ግን ስለ ዴቪ ክፉ ቃል አልተናገረም። በር የከፈተለት ሰው ነው፤ በሩን ሊዘጋበት የሞከረውም እሱ ራሱ መሆኑ ግን ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ባከኑ። ሥራ ተብሎ የተሰጠው ለመነጽርና ለቴሌስኮፕ የሚሆን ጥሩ ብርጭቆ መሥራት ነበር። ምድጃውን የሚጠብቀው አንደርሰን የሚባል የቀድሞ የመድፈኛ ሳጅን ነው። ስለ አንደርሰን የሚነገር አንድ ወሬ አለ። አንድ ማታ ፋራዳይ ወደ ቤትህ ሂድ ማለት ረስቶ ተኛ፤ ጠዋት ሲመጣ አንደርሰን እሳቱን እየቆሰቆሰ አገኘው። ወታደር ነዋ!

በነዚያ ዓመታት ፋራዳይ በመሐል በመሐል አንድ ጥያቄ ይሞክር ነበር። ኮረንቲ ማግኔት ከፈጠረ፣ ማግኔትስ ኮረንቲ አይፈጥርም? በ1824 ሞከረ፣ ምንም። በ1825 ሞከረ፣ ምንም። በ1828 ሞከረ፣ አሁንም ምንም። ሌሎችም እየሞከሩ ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጄኔቫው ኮላዶን ነው። በ1825 የጥቅል ሽቦ አዘጋጀ፣ ጫፎቹን ቀስት ካለው መለኪያ ጋር አገናኘ። ጠንቃቃ ሰው ስለነበረ ማግኔቱ በቀጥታ ቀስቱን እንዳይረብሽበት መለኪያውን ሌላ ክፍል ወስዶ አስቀመጠ። ከዚያ ማግኔቱን ጥቅሉ ውስጥ ከተተና ቀስቱን ሊያይ ወደዚያኛው ክፍል ሄደ። ሲደርስ ቀስቱ ቦታው ላይ ነው። ምንም የለም ብሎ ጻፈ። ኮረንቲው እሱ ኮሪደር ላይ እያለ ተፈጥሮ ጠፍቷል። የሚረዳው አንድ ልጅ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ደብተራችን ላይ ያለው ስም ሌላ ነበር።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1831። ፋራዳይ 39 ዓመቱ ነው፣ ዴቪ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከወፍራም ብረት ዘንግ የተሠራ ቀለበት አለው፤ ወርዱ ከዳር እስከ ዳር 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ መካከለኛ ሰሃን ታክላለች። በቀለበቱ በአንዱ ጎን በጠቅላላው 72 ጫማ የሚሆን የመዳብ ሽቦ ጠቀለለ፣ በሌላው ጎን 60 ጫማ ገደማ። ያኔ እንደ ዛሬው የተሸፈነ ሽቦ ሱቅ የለም። ስለዚህ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ በየመሐሉ ሲባጎ፣ በየንብርብሩ አቡጀዲ እያደረገ በእጁ ነው የጠቀለለው። የጥረዛ ሙያው እዚህ ጠቀመው ብዬ አስባለሁ፤ ክርና ጨርቅ እያጠበቁ መደራረብ ስንት ዓመት የሠራበት ነገር ነው። የሁለተኛውን ጥቅል ሽቦ ከቀለበቱ ሦስት ጫማ ያህል አርቆ በኮምፓስ ቀስት ላይ አሳለፈው። ሁለቱ ጥቅሎች በሽቦ አይገናኙም። መሐላቸው ያለው ብረት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ጥቅል ከባትሪ ጋር አገናኘ። ቀስቷ ነቃ አለች፣ ተወዛወዘች፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ዝም አለች። ባትሪው ተገናኝቷል፣ ኮረንቲው በመጀመሪያው ጥቅል እየሄደ ነው፣ ቀስቷ ግን ጸጥ። ባትሪውን ነቀለው። እንደገና ነቃ አለች፣ በሌላው አቅጣጫ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እሱም ሌሎቹም ለዓመታት ሲፈልጉ የነበሩት ማግኔት እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኮረንቲ ነው። የኧርስትድ ሽቦ ኮረንቲ እስካለው ድረስ ቀስት ያዞራል፤ ስለዚህ ተቃራኒውም እንደዚያ ይሆናል ብለው ነው የጠበቁት። ተፈጥሮ ግን የምትከፍለው ነገር ሲለወጥ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ማግኔቱ ሲመጣ ትከፍላለች፣ ሲሄድ ትከፍላለች፣ ሲቀመጥ ግን ምንም። ያቺን ቅጽበታዊ ንቅናቄ ሌላ ሰው ቢያያት ጠረጴዛው ተነቃንቆ ነው ብሎ ያልፋት ነበር። ፋራዳይ በነዚያ ሳምንታት የጻፈው የላብራቶሪ መዝገብ እንደሚያሳየው መጀመሪያ እሱም ግራ ተጋብቶ ነበር።

ጥቅምት 17 ቀን ነገሩን ከባትሪ አላቀቀው። ባዶ የወረቀት ሲሊንደር ላይ የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ ስምንት ኢንች ተኩል የሚረዝም የማግኔት ዘንግ በፍጥነት ወደ ውስጥ ከተተ። ቀስቷ ዘለለች። ሲያወጣው በተቃራኒው ዘለለች። ባትሪ የለ፣ ኬሚካል የለ፤ እጅ፣ ማግኔትና ሽቦ ብቻ። ጥቅምት 28 ደግሞ የሮያል ሶሳይቲን ትልቅ ማግኔት ተጠቅሞ በዋልታዎቹ መሐል ስፋቱ 12 ኢንች የሆነ የመዳብ ዲስክ አሽከረከረ። ዲስኩ እስከዞረ ድረስ ቀስቷ ሳትመለስ ቆየች። የሚለወጠው ነገር እንዳያቋርጥ ካደረግከው ኮረንቲውም አያቋርጥም ማለት ነው። የመጀመሪያው ጄኔሬተር ይሄ ነው። ኅዳር 24 ቀን ውጤቱ ለሮያል ሶሳይቲ ተነበበ። አሜሪካ አልባኒ ውስጥ ጆሴፍ ሄንሪ የሚባል አስተማሪ ለብቻው ወደዚያው ግኝት ደርሶ ነበር፣ ግን ማስተማር እያሯሯጠው ሳያሳትም ተቀደመ። መምህራን ይህቺን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

ፋራዳይ ይህን እንዴት አስረዳው? ወረቀት ከማግኔት በላይ ዘርግታችሁ የብረት ብናኝ ብትነሰንሱበት ብናኙ በመስመር በመስመር ይሰለፋል። እሱ እነዚያን መስመሮች እንደ እውነተኛ ነገር ነው ያያቸው። ሽቦ መስመሮቹን ሲቆርጥ፣ ወይም በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፉት መስመሮች ቁጥር ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ኮረንቲ ይገፋል። ለውጡ በፈጠነ መጠን ግፊቱ ይበረታል። በቃ፣ ቀመሩ በአማርኛ ይሄ ነው። የዘመኑ የሒሳብ ሊቃውንት ግን ይህቺን የመስመር ወሬ እንደ ሥዕል ነው የቆጠሯት። እስከ 1850ዎቹ ድረስ ነገሩን ከልቡ የወሰደው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የሚባል ወጣት ስኮትላንዳዊ መጣና መስመሮቹን ወደ ሒሳብ መለሳቸው። ፋራዳይ በዚያ ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለማክስዌል በጻፈው ደብዳቤ የሒሳብ ሰዎች የደረሱበትን ነገር ለእንደ እኔ ዓይነቱ በተራ ቋንቋም ቢጽፉልን ምን ነበረበት የሚል ጥያቄ አቅርቧል። እኔም ያንን ደብዳቤ ብፈርምበት ደስ ይለኝ ነበር።

የመቀነሷ ምልክትስ? እሷ የፋራዳይ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1834 ሴንት ፒተርስበርግ የነበረው ሌንዝ ያወጣት ሕግ ናት። የሚፈጠረው ኮረንቲ ሁልጊዜ የፈጠረውን ለውጥ ይቃወማል ነው የምትለው። ማግኔት ወደ ጥቅሉ ስትገፋ ጥቅሉ መልሶ ይገፋሃል። ስታወጣው ይጎትትሃል። ይህ ባይሆን ኖሮ አንዴ ገፋ አድርገን ኮረንቲ በነፃ እንወስድ ነበር። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ መብራት ሲጠፋ ሱቅ በር ላይ የሚነሳውን ጄኔሬተር ስሙት። ባዶውን ሲሆን ቀልጠፍ ብሎ ይጮኻል። ሱቁ ፍሪጁንና አምፖሎቹን ሲሰካበት ድምፁ ይወርድና ያቃስታል። ያ ማቃሰት የመቀነሷ ምልክት ናት። ማርክ የተቀነሰብኝ ለእሷ ነበር፤ ያኔ አስተማሪያችን መስኮቱን ከፍቶ ስሙ ቢለን ይበቃ ነበር።

እኛ አገር አብዛኛው ኮረንቲ ከውኃ ነው የሚመጣው። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ ግድብ ተርባይን ዞሮ ዞሮ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ማግኔት በጥቅል ሽቦ መሐል ማሽከርከር። የሌንዝን ተቃውሞ የሚገፋው ውኃው ነው፣ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመርም የዚያች የነሐሴዋ ቀለበት ልጅ ነው፤ በብረት ላይ የተጠቀለሉ፣ እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ጥቅሎች። የሚያጉረመርመው በመስመሩ ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚለዋወጥና ብረቱ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ፋራዳይ ባትሪውን እየሰካ እየነቀለ በእጁ ያደረገውን፣ ኮረንቲው ራሱ ያለማቋረጥ ያደርገዋል።

ለአክስቴ ልጅ ጥያቄም መልሱ እዚህ ነው። ቻርጀሩ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ዝም አላለም። ውስጡ ጠፍጣፋ የመዳብ ጥቅል አለ፤ በእሱ ውስጥ ያለው ኮረንቲ በሰከንድ መቶ ሺ ጊዜና ከዚያም በላይ ይለዋወጣል። ስለዚህ ማግኔታዊ መስመሮቹ እየተወለዱ እየሞቱ፣ እየተገለባበጡ ነው። ስልኩ ጀርባ ላይ ያለው ሌላ ጥቅል ይህን ለውጥ ይቀበልና ኮረንቲ ያወጣል፤ ከዚያ ስልኩ ባትሪው ወደሚፈልገው ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለውጠዋል። ስልካችሁን አጣማችሁ ስታስቀምጡት የማይሞላውና የሚግለው ሁለቱ ጥቅሎች ፊት ለፊት ስላልሆኑ ነው፤ ብዙው መስመር ስልኩን ስቶ ያልፋል።

የሰውየውን የቀረ ሕይወት በአጭሩ ልንገራችሁ። ግኝቱን የግሌ ነው ብሎ የባለቤትነት መብት አላወጣበትም። በ1832 ፓሪስ ውስጥ ፒክሲ የሚባል ዕቃ ሠሪ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ሠራ፤ ፋራዳይ እሰየው ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። የሰርነት ማዕረግ ሲቀርብለት አልፈልግም አለ። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነትን ሁለት ጊዜ አልተቀበለም፤ ያ መልስ የለውም የተባለበት በር መሆኑን ልብ በሉ። ሀብት ማከማቸትን የምትነቅፈው ማኅበሩ እዚህ ላይ ትታየኛለች። ለልጆች የገና ንግግር የማድረግ ልማድም በእሱ ዘመን፣ በ1825፣ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተጀምሮ ዛሬም አለ። እሱ ራሱ 19 ጊዜ አቅርቧል፤ ከሁሉ የሚታወቀው ስለ አንዲት ሻማ ያቀረበው ነው። ልጅ ግን አልወለደም።

አእምሮው ቀድሞ ነው የደከመው። ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነገር ይጠፋበት፣ ራሱ ይዞርበት ነበር። ለዓመታት ከባድ ሥራ አቆመ። ሲመለስ በ1845 ማግኔት የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ እንደሚያዞር አሳየ፤ የብርሃንና የማግኔት ዝምድና በር የተከፈተው ያኔ ነው። መዝገቡን በቁጥር በቁጥር የሚጽፈው ለዚህም ይጠቅመው ነበር፤ የረሳውን መልሶ ያገኝበታል። አንቀጾቹ ከ16 ሺ ያልፋሉ። ብዙዎቹ የሚሉት አልሠራም ነው። የመጨረሻ ሙከራው በ1862 ነበር፤ ማግኔት የእሳት ነበልባልን ቀለም ይለውጥ እንደሆነ አየ፣ ምንም አላገኘም። መሣሪያው ደካማ ስለነበር ነው። በ1896 ዜማን የሚባል ሆላንዳዊ በተሻለ መሣሪያ አገኘው።

አንድ ነገር ግን ዐይቶ ሞተ። በ1858 መጨረሻ በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው የሳውዝ ፎርላንድ የመርከብ መብራት በጄኔሬተር በራ። ፋራዳይ የመብራት ማማዎች አማካሪ ስለነበር ሊመረምረው ሄደ፤ ለሰባ በተጠጋ ዕድሜው፣ በበረዶ። በ1831 ቀስት ያንቀሳቀሰችው ጉልበት አሁን ከባሕር ላይ መርከብ ያያታል። ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት ቤት ሰጥታው ነበር። እዚያ ነሐሴ 25 ቀን 1867 ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። የተቀበረው ሃይጌት መካነ መቃብር ነው፣ ያለ ሐውልትና ያለ ጋጋታ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ እንግሊዞች ፊቱን የ20 ፓውንድ ብር ላይ አተሙት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ሞተር የሚጠቀልል ሰው ጋ ሄጄ ከተቃጠለ ቬንትሌተር የወጣ መዳብ ሽቦ ለመንኩ፣ ከተሰበረ ስፒከር ደግሞ ማግኔት አወጣን። ባለ ቀስት ቴስተር ጎረቤት ተዋስን። የአክስቴ ልጅ ሽቦውን በሶፍት ካርቶን ላይ ሦስት መቶ ዙር ቆጥራ ጠቀለለች፤ ሁለት ጊዜ ቁጥር ጠፍቶባት ከአንድ ጀመረች። ማግኔቱን አቀረብን፣ አራቅን። ምንም። ቴስተሩን አገላበጥን። ምንም። አንድ ሰዓት ያህል ከተበሳጨን በኋላ ነው የገባን፤ ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ነው፣ ጫፎቹ አልተፋቁም። በምላጭ ፋቀቻቸው።

ማግኔቱን ወደ ካርቶኑ አፍ በፍጥነት አስጠጋችው። ቀስቷ ንቅንቅ አለች፣ በጣም ትንሽ፣ ትኩር ብሎ ያላየ አያያትም። ማግኔቱን እዚያው እንደያዘች ቆየች። ቀስቷ ተመለሰች። አሁንም ቆየች። እኔ በቃ አልኩ፣ እሷ ግን ዝም ብላ ቀስቷን እያየች ነበር፤ ከዚያ ማግኔቱን ድንገት ሳበችው።